በቀን አንድ ሚሊሜትር

ፈሪ ነኝ። ይህን መጀመሪያ ተናግሬ ልገላገል፤ ኋላ ሰው ሲያወራብኝ ከምሰማ በገዛ አፌ ብናገረው ይሻለኛል። ውሻ አልፈራም፣ ጨለማ አልፈራም፣ ባለቤቴን እንኳ የምፈራት በልኩ ነው። የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አልጋ ላይ አጋድመው፣ አፍና አፍንጫዬ ላይ ጭንብል ደፍተው፣ «እስከ አስር ይቁጠሩ» የሚሉኝን ሰዎች።

ታላቅ ወንድሜ እስከ አራት ቆጠረ አሉ። የገባው ለቀላል ነገር ነበር፣ ለቡአ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ሱሪውን አጣጥፌ ጉልበቴ ላይ ይዤ ነበር። ሱሪውን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ሊገባ ሲል «ስወጣ ወገቡን ታጠብብልኛለህ፣ ሆዴ መቀነሱ አይቀርም» ብሎ ሳቀብኝ። ከሁለት ሰዓት በኋላ አንድ ሐኪም ወጣና ልቡ ማደንዘዣውን አልቻለውም አለኝ። እኔም ሱሪውን እንደያዝኩ ወደ ቤት ሄድኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሐኪም ቤት ደጃፍ ስደርስ መመለሻ ሰበብ እፈልጋለሁ።

ሥራዬ ልብስ ሰፊ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት በቀኝ እጄ መርፌ ይዤ ኖሬያለሁ። እጄን የጎዳው ጠላት ወይ መኪና አይደለም፣ የገዛ ሱቄ መስኮት ነው። ዝናብ ያሳበጠውን መዝጊያ በመዳፌ ገፋ ሳደርገው መስታወቱ ቀድሞኝ ሄደ፣ እጄም ተከተለው። ከእጄ አንጓ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ በውስጥ በኩል ገባ። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ የቁልፍ ቀዳዳ ትሰፋ ነበር፤ ያገኘችውን የገበር ጨርቅ ቀድዳ ክንዴን አሰረችልኝ። ደሜ እየወረደ «ያ እኮ የሰው ገበር ነው» አልኳት አሉ። ይህችን ነገር እስከ ዛሬ ለእንግዳ ሁሉ ታወራብኛለች።

ያን ቀን ክንዴን ብቻ አደንዝዘው ሰፉኝ፤ እኔ ነቅቼ ጣራ ጣራውን አያለሁ። ቀዶ ሐኪሙ ረጅም፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። ሲጨርስ ጓንቱን እያወለቀ እንዲህ አለኝ፦

«ጅማትዎ ተርፏል። ወደ አውራ ጣትዎና ከእሱ ቀጥለው ወዳሉት ሁለት ጣቶችዎ የሚሄደው ነርቭ ግን ሙሉ ለሙሉ ተቆርጧል። ጫፍና ጫፉን አገናኝቼ ሰፍቼዋለሁ። ከአሁን በኋላ ከስፌቱ ተነስቶ ወደ ጣቶችዎ ማደግ አለበት።»

«በምን ፍጥነት ያድጋል፣ ዶክተር?»

«ከቀናው በቀን አንድ ሚሊሜትር ግድም።»

ሚሊሜትር ለኔ አዲስ አይደለም። ደንበኛ «እዚች ጋ ትንሽ ጠበበኝ» ሲል የሚጣላኝ በእሷው ነው። አንድ ሚሊሜትር ያስፈራችኝ ግን ያን ቀን ነው። ከስፌቱ እስከ ጣቴ ጫፍ በዓይኔ ለካሁት፤ ሃያ አራት ሳንቲሜትር። ስምንት ወር።

ሐኪሙ ቀጠለ፤ የተናገረውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፣ የመጣብኝ ጣጣ ሁሉ ከዚህ ንግግር ነው የሚጀምረው። «በአራተኛው ወር መጨረሻ ነርቩ መዳፍዎ ውስጥ መግባት አለበት። ካልገባ ስፌቱ ላይ ታንቆ ቀርቷል ማለት ነው። ያኔ ሙሉ በሙሉ አስተኝቼ እንደገና እከፍተዋለሁ፣ ጠባሳውን ቆርጬ አወጣና ከእግርዎ ነርቭ ወስጄ እተካለሁ። ብዙ ከዘገየን ግን የአውራ ጣትዎ ጡንቻ ነርቩን ሲጠብቅ ይሞታል። ከሞተ በኋላ ቢደርስለትም አይነሳም።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት «አስተኝቼ» የምትለዋን ብቻ ነው።

«እስከዚያ በሳምንት ሦስት ቀን ሌዘር ክፍል ይሂዱ» አለኝ። «እኔ በበኩሌ ብዙም አላምንበትም። ግን አይጎዳዎትም።»

የሌዘር ክፍሉ ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው፤ በሩ ላይ ቢጫ የማስጠንቀቂያ ምልክት ተለጥፏል፣ ከውስጥ ደግሞ ወፍራም መጋረጃ አለው። ቢጫውን ምልክት ሳይ ልመለስ ብዬ ነበር፤ ባለቤቴ ከኋላዬ ስለነበረች መመለሻ አጣሁ። የክፍሉ ባለሙያ ከልጄ የምታንስ፣ ፈገግታዋ ቶሎ የሚመጣ ወጣት ናት። እኔ ባለመብራቷ ብዬ ስም አወጣሁላት።

«ሌዘር ማለት ብረት የሚቆርጠው ነው?» አልኳት፣ እጄን ሳልሰጣት።

«እሱ ሌላ ነው፣ አባባ። የዚህ ኃይሉ ትንሽ ነው። አይቆርጥም፣ አያቃጥልም፣ አይሞቅዎትም እንኳ።»

«ታዲያ ምን ይሠራል?»

«ነርቩ ሲያድግ ያግዘዋል ብለን ነው የምንሰጠው። ለሁሉም ሰው እኩል አይሠራም። የተቋረጠ ነገር ግን አይቀጥልም፤ ማደግ የጀመረውን ነው የሚያግዘው።»

ሁለታችንም አረንጓዴ መነጽር አደረግን። በገመድ ከሳጥን ጋር የተያያዘ ወፍራም እስክሪብቶ የሚመስል ነገር አነሳችና ጫፉን ጠባሳዬ ላይ ጫን አደረገችው። ሳጥኑ «ቲት» ሲል አንድ ጣት ያህል ወደፊት ታሳልፈዋለች፤ እንዲህ እንዲህ እያለች ክንዴን ጨርሳ፣ አንጓዬን አልፋ፣ መዳፌ ድረስ ትወርዳለች። መብራቱም በዓይን አይታይም። ላብ አጥምቆኝ ቃጠሎውን ስጠብቅ አለቀ አለችኝ።

«ምንም አልተሰማኝም እኮ!»

«መሰማትም የለበትም፣ አባባ።»

እንዴት ደስ አለኝ! በዚያ ሁሉ ሐኪም ቤት ውስጥ አለመሰማት ትክክል የሆነበት ክፍል ያ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እየቀለድኩ እሄድ ጀመር። መነጽሩን አድርጌ በመስታወቱ ራሴን እያየሁ «ባለቤቴ እንዲህ ብታየኝ እንደገና ታገባኝ ነበር» እላታለሁ ባለመብራቷን፤ እሷም ጥርሷን መክደን ያቅታታል።

የመጀመሪያውን ውሸት የዋሸሁት በስድስተኛው ሳምንት ነው፤ እውነቴን ነው፣ ለክፋት አልነበረም። ባለመብራቷ በየጊዜው እድገቱን ትለካለች። ከጠባሳው ጀምራ በጣቷ ጫፍ ቆዳዬን ቆርቆር እያደረገች ወደ መዳፌ ትወርዳለች። ነርቩ የደረሰበት ቦታ ሲነካ ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው ጣትን ነዘር ያደርጋል። ጠባሳው ራሱ ላይ ስትነካኝ በእርግጥም ነዘረኝ። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ጣቷ ሲወርድ አየዋለሁ እንጂ አይሰማኝም።

«የት ድረስ ነው የሚነዝርዎት?» አለችኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች።

ይህች ልጅ ወንበር ከሌላ ክፍል ተሸክማ ታመጣልኛለች። መሣሪያውን ለማስገባት ሁለት ዓመት ለምናለች። ሐኪሙ ባገኛት ቁጥር «ባትሪሽ እንዴት ነው?» እያለ እንደሚያሾፍባት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንጀቴን በላችኝ። ይሉኝታ ያዘኝና ከጠባሳው ሁለት ሳንቲሜትር ዝቅ ያለ ቦታ አሳየኋት። ፊቷ በራ። ለሰው ደስታ ሁለት ሳንቲሜትር ምን አላት ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በሳምንቱ ሐኪሙ ወረቀቱን አየና ቅንድቡን ከፍ አደረገ። «ጥሩ ነው። እንዲህ ከቀጠለ መክፈት አያስፈልገንም።»

ያን ጊዜ ነው የጠፋሁት። ከዚያ ወዲያ የዋሸሁት በይሉኝታ አይደለም፣ በፍርሃት ነው። «መክፈት አያስፈልግም» የሚለውን ቃል ለማቆየት ስል በየሳምንቱ መክፈል የነበረብኝ ጥቂት ሚሊሜትር ውሸት ብቻ ነበር።

ደግሞም ሥራዬ ልኬት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ግራና ቀኝ ዘባርቆ በሁለተኛው ቀን ይያዝ ነበር። እኔ ግን እሑድ እሑድ ባለቤቴ ገበያ ስትሄድ ሜትሬን አወጣና ከጠባሳው ጀምሬ ክንዴ ላይ እዘረጋለሁ። ቀኑን እቆጥራለሁ፣ በቀን አንድ ሚሊሜትር አስባለሁ፣ የደረሰበት ላይ በጠመኔ ምልክት አደርጋለሁ፣ ቦታውን በዓይኔ ይዤ ጠመኔውን እጠርገዋለሁ። በማግስቱ ባለመብራቷ ስትቆረቁረኝ እዚያችው ቦታ ላይ ስትደርስ «ኧረ! ነዘረኝ!» ብዬ ትከሻዬን እሰብቃለሁ። እንዲህ በልኩ የተሰፋ ልብስ ለደንበኛ ሰፍቼ አላውቅም።

የክር ፈተናም ነበረ። ዓይኔን ጨፍኜ ፊቴን አዙራለሁ፤ እሷ ከዘንግ ጫፍ ላይ የተተከለ የናይለን ክር፣ ቀጭኑን ወይ ወፍራሙን፣ ቆዳዬ ላይ ጫን ታደርጋለች፤ ሲሰማኝ «አዎ» እላለሁ። ክር ለኔ! ግን የሚሰማኝ ክሩ አልነበረም። እሷ ዘንበል ባለች ቁጥር ባለ ጎማ ወንበሯ ሲጢጥ ትላለች። ወንበሯ ሲጢጥ ስትል ትንሽ ቆይቼ «አዎ» እላለሁ። አንዳንዴ ሆን ብዬ አንዷን አሳልፋለሁ፣ እንዳይበዛ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

ባለመብራቷ የኔን እድገት በመስመር ስላ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። መስመሩ ከታች ተነስቶ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ለሌሎች ሕመምተኞች «የአባባን አያችሁ?» እያለች ታሳያለች። እኔ ከሥሩ ተቀምጬ መሬት መሬቱን አያለሁ።

ፍርሃቱ ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ሁለት ሆነ። አንዱ የድሮው ነው። ሌላኛው እጄ ነው። የሐኪም ቤቱ መጸዳጃ ቤት ውስጥ በሩን ቆልፌ መዳፌን በጥፍሬ እቆነጥጠዋለሁ። ምንም። በግራ እጄ ቀኝ እጄን ስይዘው የማላውቀውን ሰው የጨበጥኩ ይመስለኛል። ከአውራ ጣቴ ሥር ያለው ሙዳ ሥጋ በየሳምንቱ ይጎድላል፤ እንደ አሮጌ ትራስ ሟሸሸ። ባለቤቴ እንዳታየው እጄን ኪሴ ውስጥ አደርጋለሁ። «ኪስህን ልትቀድደው ነው» ስትለኝ እስቃለሁ። ያደገ ነገር የለም፤ ነርቩ እዚያው ስፌቱ ላይ ቆሟል፣ ይህን ከዓለም የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

አንዳንዴ ነገ እነግራታለሁ እላለሁ። በማግስቱ ስሄድ «እንኳን ደህና መጡ የኔ ጀግና» ትለኛለች። ከዚያ ጭንብሉ ትዝ ይለኛል፣ የወንድሜ አራት ቁጥር ትዝ ይለኛል። መነጽሬን አድርጌ እጄን እዘረጋላታለሁ።

አራተኛው ወር ሊያልቅ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ነው ጉዱ የመጣው።

ሱቅ ገብቼ ነበር፤ ድኛለሁ እያልኩ አውርቼ ቤት መቀመጥ አልችልማ። መርፌ መያዝ ስላቃተኝ መተኮሱን እኔ እሠራለሁ። ካውያውን በግራ እጄ እይዛለሁ፣ ስጨርስ አጠገቤ ካለችው የብረት ማሳረፊያ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ከሰዓት በኋላ አንድ አስተማሪ ደንበኛዬ ሱሪውን ሊወስድ መጣ። ካውያውን ከማሳረፊያው አንስቼ ማቆሚያው ላይ ሰቀልኩትና፣ ሱሪውን በግራ እጄ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጌ ስፌቱን አሳየው ጀመር። በቀኝ እጄ ጠረጴዛውን ተደግፌያለሁ።

«የሚቃጠል ነገር አይሸትህም?» አለኝ አስተማሪው።

«ሱፍ ሲተኮስ እንዲህ ይሸታል።»

«ኧረ ይሄ ከሱፍ ያለፈ ነው።»

የሰው ሱሪ አቃጠልኩ ብዬ ደነገጥኩ። ሱሪውን ገለበጥኩ፣ ገበሩን አየሁ፣ ወገቡን አየሁ፣ ደህና ነው። ሽታው ግን እየበረታ ሄደ። ጢስም አየሁ፤ ቀጭን ናት፣ ከጠረጴዛው ጠርዝ ትነሳለች። ጢሱን በዓይኔ ተከትዬ ስወርድ ያገኘሁት የገዛ እጄን ነው። የተደገፍኩት ጠረጴዛውን አይደለም፣ የጋለውን የብረት ማሳረፊያ ነው። መዳፌ ከሌባ ጣቴ ሥር ጀምሮ ብረቱ ላይ ተጣብቋል። ትንሿ ጣቴና የቀለበት ጣቴ፣ ጤነኞቹ፣ ከጠርዙ ውጭ ተንጠልጥለው ምንም አላወቁም።

አልጮህኩም። ይሄ ነው የሚያስፈራው። ሰው እጁ እየነደደ የደንበኛውን ሱሪ ያገላብጣል? ስነቅለው ቆዳዬ ብረቱ ላይ ቀረ። ያኔም ምንም አልተሰማኝም። አስተማሪው አፉን በእጁ ያዘ፣ እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ጩኸቱን የጮኸችልኝ ባለቤቴ ናት፣ ከጓዳ ወጥታ።

እጄን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክራ ይዛ ብዙ ቆየች። አስተማሪው ከሄደ በኋላ መዳፌን ገልብጣ አየችው። የተቃጠለው ቦታ ሰኞ ዕለት «አዎ፣ እዚህም ይሰማኛል» ያልኩበት ቦታ ነው። ከሌዘር ክፍል ስመለስ ለሷም አሳይቻት ነበር፤ ደስ ብሏት ቦታውን ስማዋለች።

«ይሰማኛል አላልከኝም?» አለችኝ በቀስታ።

ውሃውን ውሃውን አየሁ።

«እኔን እየኝ! አላልከኝም?»

«ብዬሻለሁ።»

«እና?»

«አይሰማኝም። አንድም ቀን ተሰምቶኝ አያውቅም።»

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸችም፤ ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ ፈርታ አይቻት አላውቅም።

«ሐኪሙን ዋሸኸው። ያቺን ምስኪን ልጅ ዋሸሃት። እኔን ዋሸኸኝ። ለምን?»

«ያስተኙኛላ!» አልኩ፤ ድምፄ እንደ ሕፃን ቀጠነ። «ወንድሜ ተኝቶ ቀረ አይደል? እኔም ብቀርስ?»

«ወንድምህ ልቡ ታማሚ ነበር። አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ፣ ተጨቃጭቀንበታል። ያንተን ልብ ግን እጅህን ሊሰፉ ሲሉ አይተው ደህና ነው አሉ።» እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «ፈራህ፣ እሺ፣ ፍራ። ግን ቁጭ ብለህ እጅህን ገደልከው እኮ! ስንት ቀን ነው የቀረው?»

«አሥራ አንድ።»

«ሐኪሙ የሚያይህ መቼ ነው?»

«ከነገ ወዲያ። ደህና ነህ ብሎ ለስድስት ወር ሊያሰናብተኝ ነው።»

ቀዝቃዛውን ውሃ አየችው። እሷም እንደኔ እየቆጠረች እንደሆነ ገባኝ፤ ስድስት ወር ሲጨመር አሥር ወር፣ ከዚያ ጡንቻው ሞቶ፣ ከዚያ እጄ እንዲሁ ከትከሻዬ የተንጠለጠለ ዕቃ ሆኖ።

«አብሬህ እገባለሁ» አለችኝ በመጨረሻ። «እጅህን እይዝልሃለሁ። ግን አልናገርልህም። ራስህ ትናገራለህ።»

በማግስቱ ሐኪሙን ሳንጠብቅ ወደ ሌዘር ክፍል ሄድን። ኮሪደሩ ላይ ሁለት ጊዜ ቆሜያለሁ። በሁለተኛው ባለቤቴ ወገቤን ገፋ አደረገችኝ።

ባለመብራቷ መነጽሩን ይዛ ስቃ ተነሳች። «የኔ ጀግና! ዛሬ ቀንዎ አይደለም እኮ!»

«ልጄ፣ ዋሽቼሻለሁ።»

ሳቀች። ቀልዴን ለምዳዋለች። «ምን ብለው?»

«ንዝረቱን። ክሩን። ሁሉንም። ከጠባሳው አልፎ የተሰማኝ ነገር የለም። ቤቴ በሜትር እየለካሁ ነው የምነግርሽ የነበረው።»

አሁንም ልትስቅ ነበር፤ ከዚያ በፋሻ የተጠቀለለውን እጄን አየች። ባለቤቴን አየች። ባለቤቴ አንገቷን ደፋች። የልጅቱ ፊት ቀስ እያለ ሲገረጣ አየሁት፤ የምገባበት ጠፋኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች።

«ከስድስተኛው ሳምንት።»

ዞራ ግድግዳው ላይ የለጠፈችውን መስመር አየችው። ለረጅም ጊዜ ነው ያየችው። ትሰድበኛለች፣ ከክፍሉ ታስወጣኛለች፣ ይገባኛልም ብዬ ቆምኩ። ስትናገር ድምፅዋ ልውጥ ብሏል።

«በጣም ቀጥ ያለ ነበር» አለች። «ነርቭ እንዲህ አያድግም። አንድ ሳምንት ይቆማል፣ አንድ ሳምንት ይዘላል። አይቼው ነበር። ደስ ስላለኝ አልጠየቅኩም።»

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ።»

«የርስዎ ነው። የኔም ነው።» ወረቀቱን ነቅላ አጠፈችው። «ይቀመጡ። እንደገና እንለካለን። ምናልባት ትንሽ ነገር ይኖራል። ካለ ለዶክተሩ እሱን እንነግረዋለን።»

ያቺ «ምናልባት» ልቤ ውስጥ ገባች። እንዴት እንደምፈልጋት! ትንሽ ይኑር፣ አንድ ክር ትሰማኝ፣ አንድ ብቻ፣ ከዚያ አያስተኙኝም። እውነት ተናግሬ እንኳ ማምለጫ እፈልግ ነበር።

«ዓይኔን እሰሩት» አልኩ። «አንቺም ወንበርሽ ላይ አትቀመጪ። ሲጢጥ እያለች ትነግረኛለች።»

ወንበሯን አየች፣ እኔን አየች፣ ምንም ሳትል በእግሯ ገፍታ ከአጠገቧ አራቀቻት። ባለቤቴ ሻሿን ፈታ ዓይኔን አሰረችኝ፤ አጥብቃ ነው ያሰረችኝ።

ጨለመብኝ። የባለመብራቷን እጅ ግራ እጄ ላይ ተሰማኝ። «መጀመሪያ በጤነኛው እንሞክር።» ወዲያው ጉንዳን የሄደች የምታህል ነገር መዳፌን ነካችኝ።

«አዎ» አልኩ። እንደገና ነካችኝ። «አዎ። አዎ።» በእውነት «አዎ» ማለት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ረስቼው ኖሯል።

«አሁን የቀኝዎ ትንሿ ጣት።»

«አዎ።»

«ጥሩ። አሁን ከፋሻው ውጭ ያለውን ቦታ ሁሉ አያለሁ። ሲሰማዎት ብቻ ይናገሩ።»

ጠበቅኩ። ትንፋሼን ያዝኩ፣ የትንፋሼ ድምፅ እንዳይሸፍንብኝ። ኮሪደሩ ላይ ባለ ጎማ አልጋ ሲገፋ ይሰማኛል። ግድግዳው ላይ የሰዓቱን ቆጠራ እሰማለሁ። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ምራቋን ስትውጥ ሰማሁ። ወንበሯ ዝም ብላለች። ያለኝን ነገር ሁሉ ቀኝ መዳፌ ላይ ሰበሰብኩት፤ ነይ እላታለሁ ክሯን፣ ነይ፣ ነይ፣ አንዴ ብቻ። ግንባሬን ላብ ወረረው። ልጅቱ ወፍራሙን ክር እየፈለገች መሰለኝ። ወይ ተናዳብኛለች፣ ሆን ብላ ታስጠብቀኛለች። ይገባኛል። አፌ ውስጥ የድሮዋ «አዎ» እየመጣች ትመለሳለች፤ ጥርሴን ነከስኩባት።

መጠበቁ ሲበዛብኝ «ልጄ፣ ጀምሪ እንጂ፣ ተዘጋጅቻለሁ» አልኩ።

ማንም አልመለሰልኝም።

«ጀምሪ እንጂ!»

«አባባ» አለች፤ ድምፅዋ ከቅርብ ነበር፣ ከእጄ በላይ። «ጨርሻለሁ።»

ሻሹን በግራ እጄ ወደ ላይ ገፋሁት። ወፍራሙ ክር በእጇ ነው። አውራ ጣቴ ላይ፣ ሌባ ጣቴ ላይ፣ መሐል ጣቴ ላይ፣ ከአውራ ጣቴ ሥር የሟሸሸችው ሥጋ ላይ፣ ክሩ የተጫነበት ቀያይ ነጥብ በሽ ነው። ሃያም ይሆናል። እያንዳንዱን ባለቤቴ ቆማ አይታለች፤ አፏን በሁለት እጇ አፍና ይዛለች።

ባለመብራቷ ክሩን አስቀመጠችና ጠባሳዬን በጣቷ ቆርቆር አደረገችው። እዚያ ላይ ነዘረኝ፣ ጣቶቼ ድረስ ነዘረኝ። ግማሽ ጣት ዝቅ አለች። ዝም። «ስፌቱ ላይ ነው የቆመው» አለች። «አሥር ቀን አለን። ዶክተሩ አሁን ቢሮው አለ። ምን ልበለው?»

ፍርሃቱ ከእግሬ ጀምሮ ወደ ላይ ሲወጣብኝ ይታወቀኛል። ጭንብሉን አየሁት፣ ቁጥሩን ሰማሁት። ባለቤቴ ግራ እጄን ያዘችኝ። እጇን አጥብቄ ያዝኩት፣ ያ እጄ ይሰማዋል።

«በጣም ፈርቷል በይው» አልኳት። «ግን ይተኛል በይው።»